ጡንቻ የሚጠነክረው ከብስክሌት ከወረዱ በኋላ ነው

የብስክሌት ልምምድ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር አለ። እሑድ ማለዳ ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦን ወጥቶ ይወርዳል። ማታ ደክሞት ቢተኛም ደህና ነው። ሰኞ ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ግን ጭኑ ተሳስሯል። ደረጃ መውጣቱስ እንደምንም ይቻላል፤ መውረዱ ነው ግድግዳ የሚያስይዘው። ይሻለኛል ብሎ ሲጠብቅ ማክሰኞ ጭራሽ ይብስበታል።

በዚህ ጊዜ ገሚሱ «ራሴን ጎድቻለሁ» ብሎ ብስክሌቱን ያስቀምጣል፤ ያ ብስክሌት ለወራት አቧራ ይጠጣል። ገሚሱ ደግሞ «ሕመም የሚለቀው ሲደግሙት ነው» ብሎ በማግስቱ ያንኑ ዳገት ይወጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ተፈጥሯዊ የሆነውን የሰውነት ምላሽ ጉዳት አድርጎ ቆጠረው። ሁለተኛው ጥንካሬ የሚገኘው በእረፍት ሰዓት መሆኑን አላወቀም። ልምምድ ጡንቻን ያደክማል፤ ጡንቻ ከቀድሞው ጠንክሮ የሚመለሰው ሲበሉ፣ ሲጠጡና ሲተኙ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ዓመት ሙሉ ይጋልባል፤ ያልተረዳው በሁለት ወር ውስጥ ይሰለቻል ወይም ይጎዳል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የማግስቱን ሕመም «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ይለዋል። ይህ አባባል በጂም ቤቱም በስፖርት ሜዳውም ሥር የሰደደ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ጡንቻ በፍጥነት ብዙ ኃይል ሲያመነጭ ላክቴት የሚባለው የላክቲክ አሲድ ቅርጽ ይፈጠራል። ዳገት ላይ ጭንዎ ሲቃጠል በዚያች ደቂቃ ጡንቻው ውስጥ አሲድነት ጨምሯል፤ ላክቴትም በርክቷል። ዳገቱ አልቆ ፔዳሉን ቀለል አድርገው ሲመቱ ግን ላክቴቱ ወደ ደም ይወጣል፤ ልብ፣ ጉበትና ሌሎች ጡንቻዎች ኃይል አድርገው ይጠቀሙበታል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እሑድ ረፋድ ላይ ከሰውነት የጠፋ ነገር ማክሰኞ ጠዋት ለሚሰማ ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም።

ይህን ግልጽ ያደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1983 ታትሟል። ተመራማሪዎች ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ በደልዳላ፣ ሌላ ጊዜ በቁልቁለት አስሮጡ። በደልዳላው ሲሮጡ ላክቴታቸው ጨመረ፤ በማግስቱ ግን ይህ ነው የሚባል ሕመም አልነበራቸውም። ቁልቁል ሲሮጡ ላክቴታቸው ሳይጨምር በቀጣዮቹ ቀናት ክፉኛ ታመሙ። ሕመሙና ላክቴቱ አብረው አይሄዱም ማለት ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ቴዎዶር ሃፍ ገና እ.ኤ.አ. በ1902 ሕመሙ በጡንቻው ውስጥ ከሚፈጠር መቀደድ ሊመጣ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገኘው እውቀት ሐሳቡን በአብዛኛው ደግፎታል። ጡንቻ የተሠራው በዓይን ከማይታዩ፣ ከሚኮማተሩና ከሚለጠጡ ጥቃቅን ክሮች ነው። ያልለመዱት ጫና ሲመጣ ከእነዚህ ክሮችና በዙሪያቸው ካለው ሽፋን አንዳንዱ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ሰውነት ጠጋኝ ሴሎችን ወደ ቦታው ይልካል፤ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ የሚመነጩት ኬሚካሎች የነርቭ ጫፎችን ያነቃሉ። ለዚህ ነው በሌላ ጊዜ የማይሰማ ንክኪና እንቅስቃሴ የሚያመው።

ይህ ሂደት ጊዜ ስለሚወስድ ሕመሙም ዘግይቶ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ከልምምዱ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ይለቃል። ማክሰኞ ከሰኞ መባሱ የጉዳት ምልክት አይደለም፤ ሂደቱ የሚጠበቅበትን መንገድ እየሄደ ነው።

ብስክሌት ከሩጫ የሚለይበት

ጡንቻ ሸክም የሚችለው በተለያየ መንገድ ነው። ደረጃ ሲወጡ የጭንዎ የፊት ጡንቻ እያጠረ ሰውነትዎን ያነሣል። ሲወርዱ ደግሞ ያው ጡንቻ እየተለጠጠ፣ እንዳይወድቁ ክብደትዎን ይዞ ቀስ ብሎ ያወርድዎታል። የማግስት ሕመምን በብዛት የሚያመጣው ይህ እየተለጠጡ ሸክም መያዝ ነው። ቁልቁል የሮጡት ሰዎች የታመሙትም በዚህ ምክንያት ነው። የታመመ ጭን ደረጃ ሲወርዱ ይበልጥ የሚጮኸውም ያንኑ ሥራ እንደገና ስለሚጠየቅ ነው።

ፔዳል ሲመቱ ጡንቻው የሚሠራው በአብዛኛው እያጠረ ነው። እንደ ሩጫ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት ላይ አርፎ የሰውነትን ክብደት መቀበል የለም። ቁልቁለት ላይም እግር ያርፋል። ስለዚህ አንድ ሰዓት የሮጠና አንድ ሰዓት የጋለበ ሰው በማግስቱ ሲገናኙ፣ የጋለበው ቀለል ብሎት ይገኛል። ጉልበታቸው የሚያስቸግራቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ብስክሌት የሚመከርላቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ብስክሌተኛ መታመሙ አይቀርም። ዋናው ምክንያት ያልለመዱትን መሥራት ነው፦ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሕመም ወይም ከረጅም እረፍት መመለስ፣ ክረምቱን ሙሉ ብስክሌት ሳይነኩ ቆይተው መስከረም ሲጠባ በአንድ ጊዜ ረጅም መንገድ መውጣት። ሁለተኛው ከባድ ማርሽ ነው። ማርሹን ሳያቀሉ፣ ከመቀመጫ ተነሥተው በክብደት እየረገጡ ዳገት የሚወጡ ሰዎች በእያንዳንዱ ምት ጭናቸውንና ወገባቸውን ያለ ልክ ያስጨንቃሉ። ቀለል ባለ ማርሽ፣ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ድረስ ፔዳሉን ማዞር ሥራውን ከጡንቻ ላይ ቀንሶ ለልብና ለሳንባ ያካፍላል። ሦስተኛው ከወገብ በላይ ያለው ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርዱ እግር ቢያርፍም እጅ ፍሬን ይዞ፣ ትከሻ ተወጥሮ፣ አንገት ቀና ብሎ ነው የሚወረደው። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ንዝረት በመሪው በኩል ወደ ክንድ ይመጣል። በማግስቱ ጭናቸው ደህና ሆኖ ትከሻቸው የሚታመም ብዙዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። እግር ሲነኩት የሚያምና ሲንቀሳቀስ የሚጎትት ከሆነ የጡንቻ ሕመም ነው። ሳያምም ዝም ብሎ ከባድ ሆኖ ፔዳሉ አልዞር ካለ ግን ምናልባት ስንቁ አልቆ ይሆናል። ጡንቻና ጉበት የሚያጠራቅሙት ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችት ወደ 500 ግራም ገደማ ነው፤ በጠንካራ ፍጥነት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢበቃ ነው። ይህን ባዶነት የሚፈታው ምግብ ነው፤ ማሸትም ማፍታታትም አይተኩትም።

ሕመም የልምምድ መለኪያ አይደለም

«ካላመመኝ አልሠራሁም» የሚል አስተሳሰብ ብዙ ሰው ይዟል። ሰውነት ግን የሚማር ነው። ጡንቻ አንድ ጊዜ ያልለመደውን ጫና ከቀመሰ በኋላ ያንኑ ሥራ ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ሲደግሙት ሕመሙ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ ጥበቃ ለሳምንታት ይቆያል። እንጦጦን ለሦስተኛ ጊዜ ወጥተው ምንም ሳያምዎ ቢያድሩ ልምምዱ መሥራቱን አቁሟል ማለት አይደለም፤ ጡንቻዎ ተላምዷል ማለት ነው።

እድገትን በሌላ ይለኩ። ያው ዳገት ባነሰ ጊዜ ያልቃል? ጫፍ ሲደርሱ ትንፋሽዎ ቶሎ ይመለሳል? ቀድሞ ቃል ማውጣት ያቃትዎት ቦታ ላይ አሁን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ? ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚለኩት የልብ ምት ከወር ወር ዝቅ እያለ ነው? እነዚህ ናቸው የልምምድ ምስክሮች። ሕመምን እያሳደደ የሚጋልብ ሰው ሁልጊዜ ጡንቻው ሳይጠገን እንደገና ስለሚያደክመው፣ ብዙ ሠርቶ ጥቂት ያተርፋል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፦ ቀስ ብለው ይጨምሩ። በአንድ ሳምንት ሰዓቱንም፣ ዳገቱንም፣ ፍጥነቱንም አብረው አያሳድጉ። ረዘም ያለ መንገድ ከመረጡ ፍጥነቱን ይተዉት፤ ዳገት ከጨመሩ ሰዓቱን ያሳጥሩ። ብዙ አሠልጣኞች ከሦስትና ከአራት ሳምንት አንዱን ሆን ብለው ቀለል ያደርጉታል፤ ተራው ብስክሌተኛም ይህን ቢከተል ይጠቀማል።

ምን ልብላ? ምን ልጠጣ?

ከልምምድ በኋላ ሰውነት ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ያለቀውን ክምችት የሚሞላ ኃይል ሰጪ ምግብ፣ የተጎዳውን የሚጠግን ፕሮቲን። በቂ ከበሉ ክምችቱ በ24 ሰዓት ገደማ ይሞላል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚለማመድ ተወዳዳሪ ከወረደ በኋላ ወዲያው መብላት አለበት። በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ለሚጋልብ ሰው ግን የሚቀጥለው ሙሉ ገበታ በጊዜው መቅረቡ ይበቃል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ቂንጬ፣ ገንፎ፣ በሶ ሁሉም ለዚህ ይሆናሉ። መንገድ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚቆዩ ከሆነ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጥ ምግብ ይያዙ፤ ሙዝና ተምር ኪስ ውስጥ የሚገቡ፣ ለሆድም የማይከብዱ ናቸው።

ፕሮቲንን በተመለከተ አዘውትረው ለሚለማመዱ ሰዎች የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 120 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ አለው። ውድ የሆነ የፕሮቲን ዱቄት መግዛት ግዴታ አይደለም። ዋናው በአንድ ገበታ ከማከማቸት ይልቅ ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት ማከፋፈሉ ነው።

በጾም ጊዜስ? ጥያቄው የብዙ ብስክሌተኛ ነው፤ መልሱም ተስፋ አስቆራጭ አይደለም። መቶ ግራም ያልበሰለ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒም በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው። ጥራጥሬ የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት እህል ስለሚያሟላለት፣ ሽሮና ምስር ወጥ በጤፍ እንጀራ መብላት ለጡንቻ ጥገና ጥሩ ጥምረት ነው። የሚያስፈልገው መጠኑን ከፍ ማድረግ ነው፦ ወጡ ወፍራም ይሁን፣ ቆሎው ኦቾሎኒና ሽምብራ ይብዛበት።

ከባዱ ጉዳይ የሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ንጋት ላይ ጠንክሮ ጋልቦ ቀኑን ሙሉ ሳይበላና ሳይጠጣ ከዋለ ጡንቻው የሚጠገንበት ነገር አያገኝም። በጾም ወራት ጠንካራውን ልምምድ ወደ መፍቻው ሰዓት ያስጠጉት፤ ንጋት ላይ ከወጡ ደግሞ አጭርና ቀላል ያድርጉት። በረመዳን የሚጾሙም እንደዚሁ ከአፍጥር በፊት ቀለል ያለ ልምምድ ሠርተው ወዲያው ወደ ማዕድ መቅረብ፣ ወይም ካፈጠሩ በኋላ መሥራት ይችላሉ።

ውሃን በሚመለከት የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ላቡ ቶሎ ይተንናል፤ በትንፋሽም ብዙ ውሃ ይወጣል፤ ሰው ግን «አላላበኝም» ብሎ ሳይጠጣ ይውላል። ቤት ሚዛን ካለ ከመውጣትዎ በፊትና ሲመለሱ ይመዘኑ። የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ ነው፤ በቀጣዮቹ ሰዓታት ከዚያ ትንሽ አብልጠው፣ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ጨው ያለበት ምግብ ፈሳሹ በሰውነት እንዲቆይ ይረዳል። ከውጭ አገር፣ ከዝቅተኛ ቦታ ለእረፍት የመጡ ወገኖች ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት በእርጋታ ይጋልቡ፤ የለመዱት ፍጥነት እዚህ ከፍታ ላይ በጣም ከባድ ልምምድ ይሆናል።

እንቅልፍና የቀላል ቀን

ከማገገሚያ መንገዶች ሁሉ ርካሹም ኃያሉም እንቅልፍ ነው። ለጥገና የሚረዳው የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ለአዋቂ ሰው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይመከራል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ለመጋለብ የሚፈልግ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ መተኛት የለበትም። አመሻሽ ላይ የሚጠጣ ሦስት ሲኒ ቡና ለብዙ ሰዓት በሰውነት ስለሚቆይ እንቅልፍን ይሰርቃል፤ ጠንክረው በጋለቡ ቀን ቡናውን ወደ ጠዋት ያምጡት። የአልኮል መጠጥም እንቅልፍን ይበጠብጣል፤ የጡንቻ ጥገናንም ያዘገያል።

እረፍት ማለት ግን ሁልጊዜ መተኛት አይደለም። ቱር ደ ፍራንስን ይመልከቱ። 21 ውድድሮች በ23 ቀን ይካሄዳሉ፤ ሁለቱ ቀናት የእረፍት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሳታፊ የሆነው የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ ያለፈበት ውድድር ይህ ነው። በእነዚያ የእረፍት ቀናት ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ለአንድና ሁለት ሰዓት በጣም ቀለል አድርገው ይጋልባሉ፤ ደም በጡንቻው እንዲዘዋወር፣ እግርም እንዳይደነዝዝ ይረዳቸዋል። ለተራው ሰውም ይሠራል። ጭኑ በተሳሰረ ማግስት ከ20 እስከ 40 ደቂቃ በደልዳላ መንገድ፣ በቀላል ማርሽ፣ ያለ ድካም እያወሩ መጋለብ ወይም በእግር መንሸራሸር ሕመሙን ለጊዜው ያቀለዋል። «ቀላል» ሲባል በእውነት ቀላል መሆን አለበት። ከጎን ያለፈዎትን ሰው ለመቅደም ከተነሡ የእረፍት ቀኑ አብቅቷል።

አንድ ተራ ሳምንት እንዲህ ሊሆን ይችላል። እሑድ ረጅም መንገድ። ሰኞ ሙሉ እረፍት። ማክሰኞ ቀላል ግልቢያ። ረቡዕ ዳገት ወይም ፍጥነት። ሐሙስ እረፍት ወይም የእግር ጉዞ። ዓርብ መካከለኛ። ቅዳሜ አጭርና ቀላል። ከባድ ቀን ከከባድ ቀን ጋር አልተገናኘም፤ ምስጢሩ እዚያ ላይ ነው።

የሚረዳውና የማይረዳው

ማፍታታት። ከልምምድ በፊትም ሆነ በኋላ ጡንቻን መሳብ የማግስቱን ሕመም የሚቀንሰው እዚህ ግባ በማይባል መጠን እንደሆነ የተሰባሰቡ ጥናቶች አሳይተዋል። ለመተጣጠፍ ይጠቅማል፤ ደስ ካለዎት ይሥሩት። የታመመ ጡንቻን በኃይል መሳብ ግን ይቅር። ለማሟሟቂያ የሚሻለው የመጀመሪያዎቹን አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃዎች በቀላሉ መጋለብ ነው።

ማሸት። የሕመሙን ስሜት በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል። ቀስ ብሎ፣ በሚመች ኃይል ሲሆን ነው። ወጌሻ ጋ ሄደው «ጠንከር አድርገህ እሸው» ማለት፣ በተለይ ያበጠ ወይም የተበለዘ ቦታ ላይ፣ ተጨማሪ ጉዳት ያመጣል።

ቀዝቃዛ ውሃ። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ለአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ እግርን መንከር ሕመምን ሊያቀል ይችላል። ሆኖም ጥንካሬ ለመገንባት ከሚሠራ የክብደት ልምምድ በኋላ ዘወትር ቢያደርጉት የጡንቻውን እድገት እንደሚቀንስ ታይቷል። በየቀኑ ከማድረግ ይልቅ በማግስቱ ውድድር ላለበት ቀን ማቆየቱ ይሻላል። ሙቅ ሻወር ደግሞ ያፍታታል፤ ለእንቅልፍም ይረዳል፤ አይፍሩት።

የማስታገሻ ክኒን። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ ስለሚገኙ ብዙ ሰው ከመውጣቱ በፊት ይውጣል። ይህ ልማድ አደገኛ ነው። ፈሳሽ ባነሰው ሰውነት ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ጨጓራንም ያቆስላሉ። ከዚህም በላይ ማቆም እንዳለብዎ የሚነግርዎትን ሕመም ያፍናሉ። ክኒን ካልዋጡ መጋለብ የማይችሉ ከሆነ የዚያን ቀን መጋለብ የለብዎትም።

ይህ ሕመም ሌላ ነው

የጡንቻ ሕመም ራሱን የሚያሳውቅባቸው ምልክቶች አሉት፦ በሁለቱም እግር ይሰማል፤ በሰፊ የጡንቻ ክፍል ላይ ይሠራጫል፤ ሲያሟሙቁት ቀለል ይላል፤ በቀናት ይለቃል። በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ በመጋጠሚያ ላይ የሆነ፣ በጋለቡ ቁጥር የሚብስ ሕመም ከዚህ የተለየ ነው።

በብስክሌት ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመቀመጫው ከፍታ ነው። ፈተናው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚጋልቡበትን ጫማ ያድርጉ፤ ብስክሌቱን ከግድግዳ አጠገብ ያቁሙ፤ በአንድ እጅ ግድግዳውን ይዘው መቀመጫው ላይ ይውጡ። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ እታች ያድርሱት። እዚያ ላይ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት፤ ዳሌዎም ወደ ጎን ማዘንበል የለበትም። ቀጥሎ እንደ ወትሮው የእግርዎን የፊት ክፍል ፔዳሉ ላይ ሲያደርጉ ጉልበትዎ በትንሹ ታጥፎ ይቀራል፤ ተስማሚው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ነው። ጉልበትዎን ከፊት ለፊት የሚያምዎት ከሆነ ብዙውን ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ወይም ማርሹ ከብዷል። ከጉልበት ኋላ የሚያምዎት ከሆነ መቀመጫው ከፍ ብሎ ይሆናል። ሲያስተካክሉ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ያንቀሳቅሱና ጥቂት ቀን ይሞክሩት።

የትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ መሪውን አጥብቆ በመያዝ ነርቭ ሲጫን ይመጣል፤ እጅዎን ቦታ ይለዋውጡ፤ ክርንዎን በትንሹ ያጥፉ። በመቀመጫ በኩል የሚሰማ መደንዘዝም ችላ አይባልም፤ የመቀመጫው አቅጣጫ ወይም ስፋት መለወጥ አለበት።

አሁን የሚዘረዘሩት ግን ቤት ሆኖ መጠበቅን አይፈቅዱም። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ጡንቻው በጣም ካበጠና እግር ለመንቀሳቀስ ካቃተው፣ በርካታ የጡንቻ ሴሎች ፈርሰው ኩላሊትን እያስጨነቁ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ይህ አደጋ ጂም ቤት ውስጥ በቋሚ ብስክሌት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ልክ በሠሩ ጤነኛ ወጣቶች ላይ ደርሷል። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ካተኮሰና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በደረት ላይ ሕመም ወይም ጭንቀት፣ ራስን መሳት፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት ወዲያው ከብስክሌቱ ይውረዱና እርዳታ ይጥሩ።

ቀስ ብሎ የሚመጣም አለ። የጠዋት የልብ ምት ለቀናት ከወትሮው ከፍ ካለ፣ እንቅልፍ ከራቀ፣ የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ንዴት ከበዛ፣ ያው መንገድ በየቀኑ እየከበደ ከሄደ ሰውነት ካገገመው በላይ ሠርቷል። መፍትሔው ሳምንት ያህል መቀነስ ወይም ማቆም ነው። ካረፉም በኋላ ድካሙ ካልለቀቀ ሐኪም ያማክሩ፤ የደም ማነስን የመሰለ ሌላ ምክንያት በምርመራ ሊገኝ ይችላል።

ለአንባቢ

ብስክሌት ለልብ፣ ለአእምሮና ለኪስም ደግ ነው። ከብስክሌት የሚያርቀን ብዙውን ጊዜ የእግር ድካም አይደለም፤ ድካሙን አለማወቃችን ነው። ስለዚህ የዚህን ሳምንት መርሐ ግብር ሲያወጡ ከባዶቹን ቀናት አስቀድመው አይጻፉ። መጀመሪያ የእረፍት ቀናቱን፣ የመኝታ ሰዓቱን፣ ከግልቢያ በኋላ የሚበሉትን ይጻፉ፤ ዳገቱን በቀረው ቦታ ያስገቡት። ለሦስት ወር በዚህ ሥርዓት የሄደ ሰው፣ በየቀኑ ራሱን ከሚቀጠቅጠው ይልቅ ጠንክሮ ይገኛል።